“ደማችን ተወሰደ፤ ሚስጥራችንስ?”

በየትምህርት ቤቱ ፀረ ኤድስ ክበባት ከወጣቶች ጋር ስንወያይ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። “ለጥናት ነው ብለው ቤታችን መጡ፤ የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ ጻፉ፤ ከጣታችንም ደም ወሰዱ። እንግዲህ ማን ቫይረሱ እንዳለበትና ማን እንደሌለበት ያውቃሉ ማለት ነው?” የሚል። ጥያቄው ሲነሳ ከኋላ ወንበር ሳቅ ይሰማል። የሚስቀውም ልጅ ቢሆን ግን መልሱ ሲነገር ጆሮውን አቁሞ ነው የሚያዳምጠው።

እውነቱን ለመናገር የሚያስቅ ነገር የለውም። “እነ እገሌ ቤት የጤና ሰዎች ተመላለሱ” የሚል ወሬ በአንድ ሰፈር ምን ሊያደርስ እንደሚችል ታውቃላችሁ። ወሬው እውነት ይሁን ውሸት ለውጥ አያመጣም። ቤት ልቀቁ የተባሉ ተከራዮች፣ ጓደኛ የሸሻቸውና ትምህርት ያቋረጡ ልጆች በሥራዬ ገጥመውኛል። ከእነዚህ መካከል ቫይረሱ ጭራሽ በደማቸው ውስጥ የሌለ ነበሩበት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? አንዴ ካመለጠ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ጥያቄያችሁ “አትጨነቁ፣ ሚስጥር ነው” በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፍ አይደለም። ሚስጥሩ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ መቼ በማን እጅ እንደሚሆንና የት ላይ ሊያፈተልክ እንደሚችል ማወቅ ይገባችኋል።

ገመና፣ ሚስጥርና ስም የለሽነት

በጤና ጥናት ውስጥ ሦስት ነገሮች እየተቀላቀሉ ሲነገሩ ይሰማል። የመጀመሪያው የግል ሕይወት መከበር ነው። አንድ ሰው ስለራሱ ምን ያህል፣ ለማንና የት ሆኖ እንደሚናገር የሚወስነው እሱ ራሱ ነው ማለት ነው። እናቶቻችን “ገመና” የሚሉት ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ገመናውን መክፈትም መሸፈንም የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ሁለተኛው ሚስጥር ጠባቂነት ነው። ይሄ የሚጀምረው ሰውየው ከተናገረ በኋላ ሲሆን ግዴታው የሚያርፈው በሰሚው ላይ ነው። አጥኚው መልሱን ያውቃል፣ የመላሹንም ማንነት ያውቃል፣ ነገር ግን አያወጣም።

ሦስተኛው ስም የለሽነት ከሁለቱም ይለያል። እዚህ ላይ መልሱ ወይም የደሙ ውጤት የማን እንደሆነ አጥኚውም ቢሆን አያውቅም፤ ልወቅ ቢልም መንገድ የለውም። በሁለተኛው ላይ የምንተማመነው በሰው ጨዋነት ነው። በሦስተኛው ላይ ግን በአሠራሩ እንተማመናለን፤ የማያውቁትን ነገር ማውጣት አይቻልምና። የኋላ ወንበሩን ጥያቄ ለመመለስ ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው።

የ1997ቱ የደም ጠብታ

በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በዓይነቱ የመጀመሪያው አልነበረም። ነገር ግን በመጠይቁ ላይ የኤች አይ ቪ ምርመራ የተጨመረበት የመጀመሪያው ጥናት እሱ ነው። ከዚያ በፊት የቫይረሱ ሥርጭት በዋናነት ይገመት የነበረው በተመረጡ ጤና ጣቢያዎች ለእርግዝና ክትትል ከሚመጡ እናቶች ደም ተነስቶ ነበር። በ1997ቱ ጥናት ግን ባለሙያዎቹ በመላ አገሪቱ በተመረጡ 540 የቆጠራ ቦታዎች ቤት ለቤት ዞሩ። ለናሙና ከተመረጡት ቤቶች በግማሾቹ ውስጥ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችና ከ15 እስከ 59 ዓመት ያሉ ወንዶች ደም እንዲሰጡ ተጠየቁ። ልብ በሉ፣ “ተጠየቁ” ነው ያልኩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለሙያው ጣት ወጋ አድርጎ ጥቂት የደም ጠብታዎች በልዩ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ያሳርፋል። ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍም። የቤት ቁጥርም ቀበሌም የለበትም። የሚለጠፍበት ባርኮድ ብቻ ነው፤ ሱፐር ማርኬት በሸቀጥ ላይ የምታዩት ዓይነት ባለ መስመር ቁጥር። የዚያው ባርኮድ ቅጂ በመጠይቁ ላይ፣ ሌላውም ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ በሚላክበት ቅጽ ላይ ይለጠፋል። የደም ወረቀቱ አድሮ ከደረቀ በኋላ ታሽጎ አዲስ አበባ በሚገኘው በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ይባል ወደነበረው ተቋም ይሄዳል። መጠይቁ ደግሞ ወደ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ይሄዳል። ደሙና ወረቀቱ በተለያየ መንገድ ተጉዘው በተለያየ ሕንፃ ተቀመጡ ማለት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ባለሙያ ውጤቱን ያያል፣ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ያለው ደግሞ ስማችሁ ያለበትን ቅጽ ይዟል፣ ውጤቱን ግን አላየም።

“ታዲያ ባርኮዱ ሁለቱም ጋ ካለ ማገናኘት አይቻልም እንዴ?” የሚል ልጅ አይጠፋም። ጎበዝ! ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ጊዜ በእርግጥ ይመጣል። ካልተገናኙማ ቫይረሱ በየትኛው ዕድሜ፣ በከተማ ነው በገጠር፣ በተማረ ነው ባልተማረ እንደሚበዛ ማወቅ አይቻልም። ነገር ግን ከመገናኘታቸው በፊት መጠይቁ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ ይጣራል። ስም መጀመሪያውኑ ወደ ኮምፒዩተሩ አይገባም፤ ቤት ውስጥ የተጻፈው መረጃ ሰብሳቢው “የትኛዋን አልማዝ ነው የማነጋግረው?” ብሎ እንዳይሳሳት ነው። የሠፈሩና የቤቱ መለያ ቁጥሮች በዕጣ በሌላ ቁጥር ይተካሉ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ አንድ ቤት የሚያደርሰው የወረቀት መለያም ይወገዳል። የደሙ ውጤት ከመልሶቹ ጋር እንዲገናኝ የሚፈቀደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው “በዚህ ክልል ከተማ ውስጥ የምትኖር፣ የ23 ዓመት ወጣት፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች” የሚል ብቻ ነው። ድልድዩ ፈርሷል።

በካርታ ላይ እንኳ ጥንቃቄ አለ። አጥኚዎቹ የእያንዳንዱን የጥናት ሠፈር መገኛ በሳተላይት መሣሪያ ይመዘግባሉ። ይህ መረጃ ለሌሎች ተመራማሪዎች ከመሰጠቱ በፊት ግን ነጥቦቹ ሆን ተብለው ከቦታቸው ይነቀሳቀሳሉ። የከተማው ነጥብ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ የገጠሩ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይገፋል። ከገጠሮቹ ከመቶ አንዱ ደግሞ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ካርታውን ይዞ አንድን መንደር ልፈልግ የሚል ሰው የሚደርሰው ምናልባት ባዶ ማሳ ላይ ነው። ዓላማውም ይኸው ነው።

ከዚያ ጥናት የተገኘው ውጤት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያን ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የተገኘው 1.4 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። በከተማ 5.5 በመቶ፣ በገጠር 0.7 በመቶ ነበር። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት 1.5 በመቶ፣ በ2008ቱ ደግሞ 0.9 በመቶ ተመዘገበ። ቁጥሮቹ የወጡት በአገርና በክልል ደረጃ እንጂ በቀበሌ አይደለም። ለምን መሰላችሁ? በአንድ የጥናት ሠፈር የሚጠየቁት ቤቶች ጥቂት አሥሮች ናቸው። “በዚህ መንደር አንዲት ሴት ተገኘባት” ተብሎ ቢታተም ስም ባይጠራም የመንደሩ ሰው ማታውኑ ቡና ላይ ስም ያወጣላታል። የሚወጣው ስም ትክክለኛው ላይሆንም ይችላል። ያኔ ነው አንዲት ምንም የማታውቅ ጎረቤት የምትጎዳው።

ውጤቱን ለምን ለባለቤቱ አልነገሩትም?

ይሄ ጥያቄ ከባድ ነው፤ እኔም ቶሎ የማልመልሰው ጥያቄ ነው። ስም የለሽነት ዋጋ አለው። ደሙ የማን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ቫይረሱ የተገኘበትን ሰው ፈልጎ “ሕክምና ጀምር” ማለት አይቻልም። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከተጀመረ ገና ወራት ብቻ ነበር ያለፈው፤ የጀመረው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። ጥናቱ ያደረገው ደም የሰጠውም ያልሰጠውም ሰው ነፃ የምክርና የደም ምርመራ አገልግሎት የት እንደሚያገኝ መንገር ነበር። የራሱን ውጤት ማወቅ የፈለገ በራሱ እግር፣ በራሱ ጊዜ ይሄዳል።

ሕክምናው እየተስፋፋ ሲሄድ ግን “ሰው ቤት ድረስ ሄዶ ደም ወስዶ ዝም ማለት ተገቢ ነው ወይ?” የሚለው ክርክር በዓለም ዙሪያ በረታ። በ2010 ዓ.ም. በአገራችን ከተሞች በተካሄደው የኤች አይ ቪ ጥናት አሠራሩ ተለወጠ። ፈቃደኛ የሆኑት ተሳታፊዎች ቤታቸው ውስጥ ምክር ተሰጥቷቸው፣ ተመርምረው፣ ውጤታቸውን እዚያው ሰሙ። ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉት የከተማ ነዋሪዎች 3.0 በመቶው ቫይረሱ እንዳለባቸው ያ ጥናት አሳየ። በእኔ አስተያየት ይሄኛው መንገድ ይሻላል። ግን ደግሞ ሸክሙ ከአሠራሩ ወደ ሰው ተሸጋገረ። ውጤቱን የነገረው ባለሙያ አሁን ያውቃል። ፊቱን መቆጣጠር፣ ከአንዱ ቤት ሲወጣ ለቀጣዩ ቤት “እዚያማ…” አለማለት፣ መዝገቡን መቆለፍ አለበት። ከላይ ያየነው ሁለተኛው ነገር፣ ሚስጥር ጠባቂነት፣ በሙሉ ኃይሉ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አማት ከጎን ሲቀመጡ

ስለ ባርኮድና ስለ ኮምፒዩተር ብዙ አወራን። ሚስጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመልጠው ከኮምፒዩተር ሳይሆን ከሳሎን ነው። ተማሪ ሳለሁ በአንድ የጤና ጥናት በመረጃ ሰብሳቢነት ተሳትፌ ነበር። የምትጠየቀው ወጣት ሚስት ናት፤ ጥያቄዎቹ ስለ ወሊድ መከላከያና ስለ ትዳር ግንኙነት ናቸው። አማት መጡና አጠገቧ ዱካ ስበው ተቀመጡ፤ ጎረቤትም “ቤቶች!” ብላ ገባች፤ ቡና ቀረበ። በባህላችን እንግዳን ብቻውን ከሙሽራ ጋር ትቶ መውጣት ነውር ነው፤ “እባክዎ ይውጡልን” ማለትም ድፍረት ነው። ስንሠለጥን የተነገረን ግን ግልጽ ነበር፤ ሦስተኛ ሰው ሲገባ ወደማያሳፍር ጥያቄ ዝለል። እኔም ስለ ውሃና ስለ መፀዳጃ ቤት መጠየቅ ጀመርኩ። አማትዬው ስለ ቧንቧው መቆራረጥ እስኪሰለቻቸው ድረስ አማረሩና ወደ ጓዳ ገቡ። ያኔ ወደ ዋናው ጥያቄ ተመለስን።

ይሄ የመረጃ ሰብሳቢ ብልጠት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በትልልቆቹ ጥናቶችም ሕግ ነው። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት የሚጠይቅ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጨመር ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ነበር ለዚህ ክፍል የምትመረጠው። ሁለት ከተጠየቁ አንዷ ለሌላው ልትናገር ትችላለች፤ ጥቃት ፈጻሚው ከሰማ ደግሞ ጥናቱ ራሱ ዱላ ያመጣል። ብቻዋን የምትሆንበት ቦታ ካልተገኘ ክፍሉ ጨርሶ አይጠየቅም። መረጃው ይቅር፣ ሴትዮዋ ትትረፍ ነው ነገሩ።

ከሳሎን ውጪም የሚዘነጉ ሰዎች አሉ። ቤት የሚያሳየው የቀበሌ መሪ፣ አስተርጓሚው፣ ሾፌሩ። መኪናውስ? አንድ ስሙን የማልጠራው ድርጅት በሩ ላይ ስለ ኤድስ የተጻፈበትን መኪና እያቆመ በሕሙማን ቤት ለጥናት ሲዞር አይቻለሁ። መጠይቁ ኮድ ነበረው፤ መዝገቡም ተቆልፏል። መኪናው ግን ለሠፈሩ ሁሉ ተናገረ።

የቡድን ውይይትም የራሱ ችግር አለው። ስምንት ወጣቶች ክብ ሠርተው ስለ ፍቅርና ስለ ኮንዶም ሲወያዩ፣ አጥኚው ስለራሱ እንጂ ስለ ሰባቱ ሌሎች አፍ ዋስትና ሊሰጥ አይችልም። ሐቀኛ አጥኚ ይህን ቀድሞ ይናገራል፤ “የራሳችሁን ታሪክ ሳይሆን በአካባቢያችሁ ስለሚታየው ንገሩኝ” ይላል። ይህን ሳይላችሁ “እዚህ የተባለው እዚሁ ይቀራል” ብሎ ብቻ የሚጀምር ካጋጠማችሁ የግል ጉዳያችሁን ለራሳችሁ ያዙ።

ስም ጠፍቶ ሰው ሲገኝ

“ስም ካልተጻፈ በቃ፣ ማን ያውቃል?” ብሎ መተማመን ግን የዋህነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞችን የሆስፒታል መረጃ ለተመራማሪዎች ሰጠ። ስም፣ አድራሻና መታወቂያ ቁጥር ወጥቶለት ነበር። የግዛቱ ገዥ ዊልያም ዌልድም የሠራተኛው ሚስጥር የተጠበቀ መሆኑን አረጋገጡ። በዚያን ጊዜ ተማሪ የነበረችው ላታንያ ስዊኒ ነገሩን ልፈትነው አለች። ገዥው የሚኖሩት በካምብሪጅ ከተማ ነው። የከተማዋን የመራጮች መዝገብ በ20 ዶላር ገዛች፤ በመዝገቡ ላይ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታና የፖስታ መለያ ቁጥር አለ። በሆስፒታሉ መረጃ ላይም ከስሙ በቀር እነዚያው ሦስቱ ሰፍረዋል። በከተማዋ ከገዥው ጋር በአንድ ቀን የተወለዱት ስድስት ሰዎች ብቻ ሆኑ። ከስድስቱ ወንዶቹ ሦስት፤ ከሦስቱ በእሳቸው የፖስታ ቁጥር የሚኖሩት አንድ ሰው፤ እሳቸው ራሳቸው። የገዥው የሕክምና መዝገብ በእጇ ገባ።

ስዊኒ ቀጥላ ባደረገችው ስሌት ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶ የሚሆነው በትውልድ ቀን፣ በጾታና በፖስታ ቁጥር ብቻ ተለይቶ ሊታወቅ እንደሚችል አሳየች። እኛ አገር የፖስታ ቁጥር እንደዚያ አይሠራም፤ ብዙ ሰውም የትውልድ ቀኑን በትክክል አያውቅም። ግን በአንድ ወረዳ “የ17 ዓመት፣ ሴት፣ የ11ኛ ክፍል፣ መንታ፣ አባቷ ሾፌር” ቢባል ስንት ሰው ይቀራል? ለዚህ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ የሠፈር ሱቅ በቂ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ የአንድ ደቂቃ ቸልተኝነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ለንደን ውስጥ አንድ ክሊኒክ የኤች አይ ቪ አገልግሎት ለሚያገኙ ደንበኞቹ በኢሜይል ዜና መጽሔት ላከ። የ781 ሰዎች አድራሻ ለእያንዳንዳቸው በሚታይበት ቦታ ላይ ተጽፎ ሄደ፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ አድራሻዎች ሙሉ ስም ነበረባቸው። በማግሥቱ ዓመት 180,000 ፓውንድ ተቀጡ። ገንዘቡ ይከፈላል፤ 781 ሰው ያየውን ግን መልሶ እንዳላየ ማድረግ አይቻልም። ዛሬ በቴሌግራም ግሩፕ ፎቶ የሚለጥፉ ወጣት መረጃ ሰብሳቢዎችን ሳይ ይሄ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

ሕጉ ምን ይላል?

እዚህ ላይ አጠር ላድርገው። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 በሄልሲንኪ ያጸደቀውና በየጊዜው የተሻሻለው መግለጫ የተሳታፊውን ግላዊነትና ሚስጥር መጠበቅ የአጥኚው ግዴታ አድርጎታል። በአገራችንም በሰው ላይ የሚደረግ የጤና ጥናት ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ አይቶ መፍቀድ አለበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመከበር መብት ይደነግጋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 399 በሙያው ያገኘውን ሚስጥር የሚያወጣ ሐኪም፣ ነርስና መሰል ባለሙያ እንደሚቀጣ ይገልጻል። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ውስጥ መድቦታል። ሕግ አለ ማለት ነው። ሰው መብቱን ካላወቀ ግን ሕጉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

እናንተ ዘንድ ሲመጡ

መረጃ ሰብሳቢ ሲመጣ መጀመሪያ የስምምነት ጽሑፍ ያነብላችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ “እሺ፣ እሺ” ብሎ ያሳልፈዋል። እንግዳ ነው፣ መታወቂያ አንጠልጥሏል፣ የቀበሌ ሰው አብሮት አለ፤ እምቢ ማለት ያሳፍራል። ግን እምቢ ማለት ይቻላል። ደም ሰጥቶ ጥያቄ አለመመለስ፣ ጥያቄ መልሶ ደም አለመስጠት፣ መሐል ላይ “ይበቃኛል” ማለት ይቻላል። እምቢ በማለታችሁ ከጤና ጣቢያ የሚቀርባችሁ አገልግሎት የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ በአብዛኛው መጀመሪያ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይጠየቃል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹም ያላገቡ የ15፣ የ16ና የ17 ዓመት ወጣቶች ደም የሚሰጡት ወላጅ ፈቅዶ እነሱም ራሳቸው ከተስማሙ ነው። አንዱ ብቻ አይበቃም። አባታችሁ ፈቀዱ ማለት መልሳችሁን ያያሉ ማለት አይደለም። ይህን መረጃ ሰብሳቢውን ፊት ለፊት ጠይቁት፦ “መልሴን ቤተሰቤ ያየዋል ወይ? ትምህርት ቤቱስ?” ወረቀቱ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚወገድም ጠይቁ። በሚገባ የሠለጠነ መረጃ ሰብሳቢ በጥያቄው አይከፋም። የሚቆጣችሁ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ።

ፊርማ ላይም አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ጊዜ በጥናቱ ውስጥ ስማችሁን የሚይዘው ብቸኛ ወረቀት የፈረማችሁበት የስምምነት ቅጽ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ነው በአንዳንድ ጥናት ተሳታፊው በቃል ተስማምቶ መረጃ ሰብሳቢው “አንብቤለታለሁ፣ ተስማምቷል” ብሎ የሚፈርመው። ያለ ፊርማችሁ ተጀመረ ብላችሁ አትጠርጥሩ። በአንጻሩ ደግሞ ቫይረሱ ባለባቸው ሰዎች ላይ ለሚደረግ ጥናት ስም አስፈርሞ ቅጹን ከመልሱ ጋር በአንድ ክላሰር የሚያስቀምጥ ካያችሁ ጠርጥሩ።

ሚስጥር መጠበቅም ወሰን አለው። አንድ ልጅ እየተደፈረ መሆኑን ወይም ራሱን ሊያጠፋ ማሰቡን ለአጥኚ ቢናገር፣ አጥኚው “ሚስጥር ነው” ብሎ ዝም ሊል አይችልም። ይህ ወሰን ግን መነገር ያለበት ከጥያቄው በፊት ነው፤ ልጁ ምን ሲናገር ምን እንደሚከተል አውቆ እንዲመርጥ።

የክበባችሁ መጠይቅ

ፀረ ኤድስ ክበባት ራሳቸው መጠይቅ ያዘጋጃሉ፤ ደስ ይላል። “ስም አትጻፉ” ብሎ ከላይ ማተም ግን አይበቃም። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ጾታ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖትና የትውልድ ቦታ ከጠየቃችሁ ግማሹን ክፍል በስም ጠራችሁት ማለት ነው። የማትጠቀሙበትን ጥያቄ ሰርዙ። በክፍል ፋንታ “9ኛና 10ኛ” ወይም “11ኛና 12ኛ” በሉ። ዓረፍተ ነገር አታስጽፉ፤ የእጅ ጽሑፍ ፊርማ ነው፣ መምህሩም ጓደኛም ያውቀዋል። ምልክት ብቻ ይበቃል።

ብዙ ክበብ የማያስተውለው ደግሞ መዝለያውን ነው። “የፍቅር ጓደኛ ኖሮህ/ሽ ያውቃል? መልሱ አይደለም ከሆነ ጨርሰሃል/ሻል፤ አዎ ከሆነ ከ6 እስከ 15 መልስ/ሺ” የሚል መጠይቅ ሲታደል ምን ይሆናል? “አይደለም” ያለው እስኪሪብቶውን ያስቀምጣል፤ “አዎ” ያለችው አንገቷን ደፍታ መጻፏን ትቀጥላለች፤ ክፍሉ በሙሉ ያያታል። አንድም ቃል ሳትናገር ተናገረች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ “አዎ” ላለው ስለራሱ አሥር ጥያቄ፣ “አይደለም” ላለው ደግሞ ስለ አመለካከቱ አሥር ጥያቄ አዘጋጁ። ሁሉም እኩል ይጽፋል፣ እኩል ይጨርሳል። መሳተፍ ያልፈለገም ባዶውን ወረቀት አጥፎ ከሌላው ጋር ሳጥን ውስጥ ይክተት እንጂ “ያልፈለጋችሁ ውጡ” አይባልም።

ወረቀቱን ከወንበር ወንበር አትሰብስቡ፤ በቅደም ተከተል ከተደራረበ የማን እንደሆነ መቁጠር ይቻላል። ክዳን ያለው ሳጥን በር ላይ ይቀመጥ፣ ሳጥኑም ከመከፈቱ በፊት ይነቅነቅ። ስትቆጥሩ በአንድ ረድፍ ከአምስት ሰው በታች ከወጣ ያን ቁጥር ለብቻው አትለጥፉ፣ ከሚቀጥለው ጋር ደምሩት። ቆጣሪዎቹ ከሌላ ክፍል የመጡ ሁለት ልጆች ይሁኑ። ወረቀቶቹ ውጤቱ ተጽፎ እስኪያልቅ ድረስ በሚቆለፍ ቁም ሣጥን ይቀመጡ፣ ቁልፉም ከክበቡ ተጠሪ መምህር እጅ አይውጣ። ሥራው ሲያልቅ ቆጣሪዎቹ ባሉበት ይቃጠሉ።